ስማችንን ለብሰው የተጫወቱ

"ኢትዮጵያኖች ሲጫወቱ አይቻለሁ" አሉኝ። "ልጅ ሆኜ። ፊታቸውን ተቀብተው።"

ይህን ያሉኝ የ92 ዓመት አዛውንት ናቸው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በሳምንት አራት ቀን ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባቸው ነበር። ቁርስ አበላለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስታውሳለሁ፣ ገላቸውን አጥባለሁ፣ ሲደክማቸው ዝም ብዬ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ሆም ኬር የምንሠራ ሐበሾች ስንገናኝ ስለ ሰዓትና ስለ ክፍያ እናወራለን እንጂ ስለምንንከባከባቸው ሰዎች አናነሣም፤ የሰው ገመና ነው። ስለዚህ ስማቸውን አልጽፍም። እኔ በልቤ "አባባ" ነበር የምላቸው። አንድ ቀን ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝና ትርጉሙን ጠየቁኝ፤ ከነገርኳቸው ወዲህ በሌላ ብጠራቸው አቤት አይሉም ነበር።

ጊዜው ግንቦት ማለቂያ ነው፣ እ.ኤ.አ. 2024። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች፣ የኛ ነው ካላልኩ በቀር፣ የፈረንጅ ናቸው።) እኔ ወጥ ቤት አጃ አማስላለሁ፣ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ዜና ያወራል። "ድምፁን ጨምሪልኝ ልጄ" አሉ። ከዚያ በፊት ቀንሺ እንጂ ጨምሪ ብለውኝ አያውቁም። ዜናው ስለ ቤዝቦል ነው። ነጮቹ አናስገባም ስላሏቸው ከ1920 እስከ 1948 በራሳቸው ሊጎች የተጫወቱ ከ2,300 በላይ ጥቁር ተጫዋቾች ውጤት ከዋናው መዝገብ ጋር ተቀላቀለ ይላል። በዚህም በ1947፣ ገና በ35 ዓመቱ የሞተው ጆሽ ጊብሰን የምንጊዜም አንደኛ መቺ ሆነ። ለብዙ አሥርት ዓመታት አንደኛ የነበረው የታይ ኮብ አማካይ የመምታት ውጤት .367 ነው፤ የጊብሰን .372። ቁጥሩ ለኔ ምንም አልነበረም። አባባ ግን ዜናው አልፎ የአየር ጠባይ ሲጀመርም ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም።

"አሁን ገና ቆጠሩት" አሉ ቀስ ብለው። "ጆሽን እዚሁ ከተማ አይቼዋለሁ። ከሱ በፊት ግን ያንቺን አገር ሰዎች ነው ያየሁት።"

አበበ ቢቂላ መሰለኝ። ማሞ ወልዴ፣ ምሩጽ ይፍጠር፣ አንዳቸውን ይሆናል ብዬ ስም ጠራሁላቸው። "የለም፣ የለም፣ ቤዝቦል ነው" አሉ። እኛ አገር ቤዝቦል የለም አልኳቸው። ያኔ ነው ያንን የተናገሩት፤ ፊታቸውን ተቀብተው ሲጫወቱ አይቻለሁ ብለው። የቡድኑን ስም ነገሩኝና ሳቁ፦ ኢትዮጵያን ክላውንስ። ክላውን ማለት ሰርከስ ላይ ሰው የሚያስቀው፣ አፍንጫውን ቀይ የሚቀባው ነው። አጃውን ይዤ እንደቆምኩ ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። ምንም አላልኩም። አበላኋቸው፣ ሳህኑን አጠብኩ፣ ሰዓቴ ሲደርስ ወጣሁ።

ፎቶው

የጆርጂያ አቬኑ አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ ስልኬ ላይ ፈለግኩ። ውሸት እንዲሆን እየተመኘሁ ነበር የምፈልገው። አገኘኋቸው። ጥቁር ወንዶች ተደርድረው ቆመዋል፣ ፊታቸው በቀለም ተዥጎርጉሯል፣ ከላይ የአገሬ ስም።

ቡድኑ የተጀመረው ፍሎሪዳ፣ ማያሚ ከተማ ነው። መጀመሪያ ማያሚ ጃይንትስ ይባል ነበር፤ በ1930ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ኢትዮጵያን ክላውንስ ሆነ። ሲድ ፖሎክ የሚባል ነጭ ፕሮሞተር ጨዋታ እያፈላለገ ከከተማ ከተማ ያዞራቸው ነበር፣ ኋላም የቡድኑ ባለቤት ሆነ። ጊዜውን አስቡት። ጣሊያን መረብን የተሻገረው በኛ አቆጣጠር መስከረም 22 ቀን 1928 ነው። በዚያ ሰሞን የኢትዮጵያ ስም በዓለም ጋዜጣ ሁሉ ላይ ነበር። ስሙ ገበያ ነበረው ማለት ነው።

ተጫዋቾቹ በራሳቸው ስም አይጫወቱም። የፈጠራ፣ የ"አፍሪካ" ስም ይሰጣቸዋል፤ አንዱ ታርዛን፣ አንዱ ዋሁ። ከዝርዝሩ ውስጥ "ሴላሴ" የሚል ስም አየሁ። ስልኩን ጭኔ ላይ ደፋሁት። የአያቴ ታላቅ ወንድም ማይጨው ሄደው አልተመለሱም፤ አያቴ እስክትሞት ድረስ በልቅሶ ቤት ሁሉ ስማቸውን እየጠራች ነበር የምታለቅሰው። እሷ እንደዚያ በምታለቅስበት ዘመን የንጉሡን ስም ፊቱን የተቀባ ሰው ለብሶት ሕዝብ ይስቃል።

ማታ ለጓደኛዬ ደወልኩና የተናገርኩትን ሳልደብቅ ልጻፈው። "ራሳቸውን ለነጭ መሳቂያ ያደረጉት ሳያንስ እኛን ጨመሩን" አልኳት። "እነሱ እኮ ድሮም..." ብላ ጀመረች፤ አላስቆምኳትም። ይህን "እነሱ" የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። እዚህ አገር ገና እግራችን ሲረግጥ ቀድመው የመጡ ዘመዶቻችን ያስተምሩናል፦ እኛ ከነሱ ጋር አንድ አይደለንም፣ እንዳትቀላቀሉ፣ እንዲህ ባለው ሰፈር እንዳታመሹ። እኔም ለታናሽ እህቴ እንዲሁ ብዬ አስተምሬያለሁ። በዚያ ምሽት ያ ቃል ከአፌ ሲወጣ ምንም አልቆረቆረኝም። የቆረቆረኝ በኋላ ነው።

ያዢው

በማግሥቱ ስገባ አባባ አዩኝ። "ምን አድርጌሽ ነው?" አሉኝ ገና ኮቴን ሳላወልቅ። ምንም አልኩ። ዝም ብለው ጠበቁኝ። የዕድሜ ባለጸጎች ዝምታ ያስፈራል፤ ነገርኳቸው። የአያቴን ወንድም ነገርኳቸው፣ ንጉሡን፣ ፎቶውን፣ "ሴላሴ" የሚለውን። እየተናገርኩ ድምፄ ከፍ እያለ መሄዱ ይታወቀኛል።

አልሳቁም። "ተቀመጪ" አሉኝ።

ያደጉት በደቡብ፣ ባቡር ከማይቆምባት አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ስምንት ዓመታቸው ሳለ፣ በ1940፣ እሑድ ቀን ነበር። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣ ልብሱን ሳይቀይር ወደ ሜዳው ወረደ። ሴቶቹ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ፣ ወንዶቹ ከረቫታቸውን እንዳሰሩ። (ይህ የሳቸው ከተማ ልማድ ብቻ አልነበረም። ካንሳስ ሲቲ ላይ ሞናርክስ የሚባለው ታላቅ ቡድን በሚጫወትበት እሑድ አብያተ ክርስቲያናት ምእመኑ ጨዋታው እንዲደርስለት ጸሎቱን አንድ ሰዓት ያስቀድሙ ነበር።) አውቶቡሷ አቧራ እያስነሣች መጣችና ወንዶቹ ወረዱ። አባባ የሚያስታውሱት መጀመሪያ ነገር እግራቸውን ነው፤ ወርደው እንደ ሽማግሌ ነበር የሚራመዱት። ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው፣ እዚያው መቀመጫቸው ላይ ተኝተው። የሚያሳድራቸው ሆቴል የለም፣ በፊት በር የሚያስገባቸው ምግብ ቤት የለም። ምናልባት በጓሮ መስኮት ዳቦና ሳርዲን ይሸጥላቸው ይሆናል። በዚያው ቀን ሌላ ከተማ ሁለተኛ ጨዋታ ነበረባቸው።

"ከዚያ ፊታቸውን ተቀብተው መጡ" አሉ። "ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቆይተው ግን ያለ ኳስ መጫወት ጀመሩ።"

አልገባኝም። "ያለ ኳስ" አሉ ደግመው። ወርዋሪው ክንዱን አሽከርክሮ ይወረውራል፤ በእጁ ምንም የለም። መቺው ዱላውን ይሰነዝራል፣ ሁሉም አንገቱን ቀልብሶ ወደ ሰማይ ያያል፣ አንዱ እየሮጠ ይሄድና ዘልሎ አየር ላይ ይቀልባል፣ ወዲያው አዙሮ ለሌላው፣ ያኛው ለሌላው፣ እንደ መብረቅ። ጓንት ሲመታ ድምፅ ይሰማል፤ ጓንታቸውን ራሳቸው በእጃቸው ይመቱታል። ራቅ ብሎ የተቀመጠው ሰው ኳስ እንደሌለ የሚያውቀው ከብዙ ደቂቃ በኋላ ነው። የጥላ ኳስ ይሉታል። ሌሎች ጥቁር ቡድኖችም ይጫወቱት ነበር፤ ክላውንሶች ግን በሱ ታወቁ።

አባባ ይህን ሲነግሩኝ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ማንኪያ ስሰጣቸው እኔ ነኝ ከሥር የምደግፈው። ያንን እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ፣ ግራ እጃቸውን ላዩ ላይ ደፉ፣ ኳስ እንደሚደብቅ ሰው ጣቶቻቸውን በማይታየው ነገር ላይ አንድ በአንድ አስቀመጡ። ሁለቱን ጣቶች ከላይ፣ አውራ ጣትን ከሥር። ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ የት እንደሄደ አላውቅም። "ዓይንሽን ከእጄ እንዳትነቅዪ" አሉ። ከዚያ ክንዳቸው ከትከሻቸው ጀርባ ዞሮ መጣና፣ "ያዢው!"

ያዝኩት። ሳላስብ ተነሥቼ፣ ሁለት እጄን ግንባሬ አጠገብ አድርጌ ያዝኩት። እውነት ነው የምላችሁ፣ መዳፌ ላይ የሆነ ነገር አረፈ። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ እንደዚያው ቆየን፤ እሳቸው ክንዳቸውን እንደዘረጉ፣ እኔ ሁለት እጄን ጨብጬ። ያንን የጨበጥኩትን ምን እንደማደርገው ቸግሮኝ ነበር። መልሼ እንዳልወረውርላቸው ይመታቸዋል ብዬ ፈራሁ። የሌለ ኳስ! ሄጄ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው፤ እሳቸውም ጣቶቻቸውን አጠፉበት።

ስለዚያች ቅጽበት ብዙ አስቤያለሁ። ሜዳውን ከልክለዋቸዋል፣ መዝገቡን ከልክለዋቸዋል፤ ኳሱንም ብትነሡን እንጫወታለን እያሉ ይሆን? አንዳንዴ ይህን አብዝቼ የተረጎምኩት ይመስለኛል። ለነሱ ትኬት መሸጫ ነበር፤ ሕዝቡ ስቆ በሚቀጥለውም ዓመት እንዲመጣ። ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው ያ እንቅስቃሴ ለማስመሰል እንኳ እውነተኛ ተጫዋች መሆንን ይጠይቃል። የማይችል ሰው ኳስ ሲኖርም ይስታል፤ ያለ ኳስ ሺሕ ሰው ማታለል የሚችለው ኳሱን በሰውነቱ ውስጥ ያኖረው ብቻ ነው። ደግሞም ችሎታቸው በቀልድ የተሸፈነ እንጂ የተተካ አልነበረም። በ1941 ዴንቨር ላይ በየዓመቱ ይደረግ የነበረውን ትልቅ ውድድር አሸንፈዋል። ኋላም ሊግ ከገቡ በኋላ በ1950፣ በ1951፣ በ1952 እና በ1954 ሻምፒዮን ሆነዋል።

እኛ "ጥርስ ባዳ ነው" እንላለን። ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ፣ ልቅሶ ቤት በካርታ ጨዋታ መሀል ሰው ሲስቅ ይባላል። ያንን ፎቶ ደግሜ ሳየው ነው የገባኝ። ባክ ኦኒል የተባለው፣ ኋላ በ1962 በዋናው ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ የሆነው ሰው፣ በ1937 ለጥቂት ጊዜ ከዚህ የባሰ ስም ባለው ቡድን ተጫውቷል፤ ዙሉ ካኒባል ጃይንትስ፣ የሰው በላዎቹ ዙሉዎች ማለት ነው። የሣር ጉርድ ያስለብሷቸው ነበር። የሄደው ገንዘቡ የተሻለ ስለነበረ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይሉ የለም እናቶቻችን? እኔ ራሴ ዲግሪዬን ሻንጣ ውስጥ ቆልፌ የመጣሁ ሰው ነኝ። በመጀመሪያው ዓመቴ ስሜን መጥራት ስላቃታቸው ደረቴ ላይ የሌላ ሴት ስም ለጥፌ ሠርቻለሁ። ያ ስም ሲጠራ ፈገግ ብዬ አቤት እል ነበር።

የሳህኖቹ ድምፅ

ያ የሌላ ሴት ስም የተለጠፈብኝ ሥራ ሳህን ማጠብ ነበር፤ ዩ ስትሪት አካባቢ። ሰፈሩን ዲሲ የኖረ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ዘጠነኛው መንገድ ላይ ክትፎ ያልበላ፣ ቡና ያልጠጣ፣ ሠርግ ያልጨፈረ ማን አለ? ከዚያ ወደ ጆርጂያ አቬኑ በእግር ጥቂት ብሎክ ሲኬድ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይገኛል። ሆስፒታሉ የቆመበት ቦታ ድሮ ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር፤ በ1965 አፈረሱት። መቺው የሚቆምበት ነጥብ የት እንደነበረ ዛሬም ሆስፒታሉ ውስጥ ምልክት ተደርጎበታል። የጊብሰን ቡድን፣ ሆምስቴድ ግሬይስ፣ ከ1940 ጀምሮ የነጮቹ ቡድን ለጨዋታ ከከተማ ሲወጣ ስታዲየሙን እየተከራየ እዚያ ይጫወት ነበር። ቤተሰባቸው በጦርነቱ ዘመን ወደ ዲሲ ሲመጣ አባባ ጆሽ ጊብሰንን ያዩት እዚያ ነው። የስታዲየሙ ባለቤት ክላርክ ግሪፊዝ ከጥቁሮቹ ጨዋታ ኪራይ ይበላል፤ አንድ ጊዜ ጊብሰንንና የቡድን ጓደኛውን ባክ ሌነርድን ቢሮው ጠርቶ ከነጮቹ ጋር መጫወት ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ጠይቋቸው ነበር። እንፈልጋለን አሉ። ከዚያ ወዲያ አልጠራቸውም። ጊብሰን የሞተው ጃኪ ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር ተጫዋች በሩን ከፍቶ የነጮቹን ሊግ ከመግባቱ ሦስት ወር ቀድሞ ነው። መቃብሩ ላይ ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ የቆመው በ1975 ነው፤ 28 ዓመት ያለ ስም ተኝቶ።

ስለ ክላውንስ ሳነብ ሌላም ነገር አገኘሁ። በ1952 አንድ የ18 ዓመት ልጅ ከአላባማ መጥቶ ቡድኑን ተቀላቀለ። በወር 200 ዶላር ይከፍሉታል። ልጁ ሄንሪ አሮን ነው፤ ኋላ በ1974 የቤብ ሩትን ክብረ ወሰን ሰብሮ በ755 ሆም ረን (ኳሱን ከሜዳው አሻግሮ የሚያወጣ ምት) የጨረሰው። ቡድኑ ዲሲ ሲመጣ ዝናብ ያዛቸውና ከግሪፊዝ ስታዲየም ጀርባ አንድ ምግብ ቤት ገብተው ቁርስ በሉ። በልተው ሲጨርሱ ከወጥ ቤት ድምፅ ሰሙ። የበሉባቸውን ሳህኖች እየሰበሯቸው ነው። አሮን ከብዙ ዓመት በኋላ ሲያስታውሰው፣ ውሻ ቢበላባቸው ኖሮ እንኳ ያጥቧቸው ነበር ብሏል።

ይህን ያነበብኩት ሌሊት ነው። ተነሥቼ ወጥ ቤት ሄጄ ውኃ ጠጣሁ። ያ ሰፈር እኔ በየሌሊቱ እስከ ክርኔ ሳሙና ውስጥ ገብቼ ሳህን ያጠብኩበት ሰፈር ነው። በሰው ፊት የበላሁበት ሳህን አልተሰበረም። ከፊት በር ገብቻለሁ፣ ከሥራ በኋላ ከአሜሪካኖች ጋር አንድ ጠረጴዛ ተቀምጬ በልቻለሁ፣ ወገኖቼም እዚያው ሰፈር ምግብ ቤት ከፍተው ነጩም ጥቁሩም ከአንድ ትሪ እየቆረሰ ይጎርሳል። ይህ ሁሉ ደርሶ ጠበቀኝ እንጂ እኔ አላመጣሁትም። ያመጡት "እነሱ" ናቸው። በአንድ ዘመን እዚያው ቁርስ በልተው ሳህን ሲሰበርባቸው ወጥተው መጫወታቸውን ያላቆሙ። ለጓደኛዬ በስልክ የተናገርኩት ቃል የቆረቆረኝ ያኔ ነው። መልሼ ደወልኩላት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ነበር፤ የሞተ ሰው ያለ መስሏት ደነገጠች። ሳህኖቹን ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም፤ እሷም እዚያ ሳህን አጥባለች።

ሌላም ሰው አለች። ማሚ ጆንሰን፣ ቅጽል ስሟ ፒነት፣ ኦቾሎኒ ማለት ነው፣ አጭር ስለነበረች። ነጭ ሴቶች የሚጫወቱበት ሊግ በቀለሟ ምክንያት ሳያያት መለሳት፤ ክላውንሶች ግን ወሰዷት። ከ1953 እስከ 1955 ከወንዶች ጋር ወርዋሪ ሆና ተጫወተች። ኳሱን ስታቆም ነርስ ሆነች፤ እዚሁ ዲሲ ለብዙ ዓመታት ሕመምተኛ አነሣች፣ አስተኛች። ያረፈችው በ2017 መጨረሻ ነው። እኔ እዚህ ከተማ ከገባሁ ቆይቻለሁ። በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረን ይሆናል፣ ሁለታችንም የሥራ ጫማ አድርገን፣ ሁለታችንም ደክሞን።

67 ወይስ 68

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አሮን በገባበት ዘመን ቡድኑ ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ ነው የሚባለው። "ኢትዮጵያን" የሚለው የት ሄደ? ማን አነሣው?

ያነሡት ጥቁሮቹ ራሳቸው ናቸው። የሊጎቹ ባለቤቶችና የጥቁር ጋዜጦች ጸሐፊዎች ቡድኑን ለዓመታት ተቃወሙት። ፊት መቀባቱ ያዋርደናል አሉ። ከዚያም አልፈው፣ ያች አገር በመከራ ላይ ሳለች በስሟ መነገድ ነውር ነው አሉ። ከዋነኞቹ ተቃዋሚዎች አንዱ ከም ፖዚ ነው፤ የሆምስቴድ ግሬይስ ባለቤት፣ የጊብሰን አለቃ። በርግጥ በመሀሉ የገበያ ፉክክርም ነበረበት፤ ክላውንሶች ሰው ይስቡ ነበር። ይህን አልክድም። ነገር ግን ቡድኑ በ1943 ኔግሮ አሜሪካን ሊግ ሲገባ ያንን ስም ትቶ ነው የገባው። የኔ ዘመዶች እዚህ አገር ባልነበሩበት፣ ሰምተን ልናዝን እንኳ በማንችልበት ጊዜ፣ ራሳቸው ጓሮ መስኮት ላይ ተሰልፈው የሚበሉ ሰዎች ስለ ኢትዮጵያ ስም ተከራክረዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የምንል እኛ ነን፤ ስማችንን ከዚያ ማሊያ ላይ ያስወለቁልን ግን እነሱ ናቸው።

ሮጬ የነገርኩት ለአባባ ነው። አላወቁም ነበር። ስሙ ጠፋ፣ ሰው መርሳቱ ነው ብለው ኖረዋል። "ከም ፖዚ!" አሉ፣ የድሮ ጎረቤት ስም እንደሰማ ሰው። ከዚያ እኔ ስለ ስሙ ማውራት ቀጠልኩ። በ1840ዎቹ ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው ጥቁርን እያስመሰሉ የሚዘፍኑባቸው ቡድኖች "ኢትዮጵያን" ይባሉ እንደነበር፣ አንዱም በ1844 እዚሁ ዋይት ሐውስ ገብቶ እንደተጫወተ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ በ1808 ከነጮች ተለይታችሁ ተቀመጡ መባልን እምቢ ያሉ ሰዎች የመሠረቱት ቤተ ክርስቲያን አቢሲኒያን ተብሎ እንደተሰየመ። የአንድ አገር ስም በአንድ ከተማ ማታ መሳለቂያ፣ ጠዋት ጸሎት ሲሆን ይገርማል አልኳቸው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምንሰማው ጥቅስ አለ ብዬም በግእዝ አልኩላቸው፦ ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር። መዝሙረ ዳዊት 67።

"68" አሉኝ።

"67 ነው አባባ።"

"68፣ ቁጥር 31" አሉና በእንግሊዝኛ ከላይ እስከ ታች በቃላቸው አወረዱት። ድምፃቸው ተለወጠ፤ የሰባኪ ድምፅ ሆነ። መኝታ ቤት ሄጄ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አመጣሁና አየን፤ እሳቸው ላይ 68 ነው። የኔን ዳዊት በስልኬ አሳየኋቸው፤ እኔ ላይ 67 ነው። ቁጥሩ ባይገጥምም አንድ ጥቅስ መሆኑን ሲያዩ ጣታቸውን በማያነቡት ፊደል ላይ አኑረው ቆዩ።

"ያቺ እሑድ" አሉ ቆይተው። "ቡድኑ የመጣበት እሑድ። ጠዋት የሰበኩን ይህንኑ ነበር። ፓስተሩ የኢትዮጵያን ጦርነት እያነሣ ያለቅስ ነበር፤ እኔ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ምን አውቃለሁ? ኢትዮጵያ እጆቿን ትዘረጋለች ሲል ብቻ ነው የያዝኩት። ከሰዓት ኢትዮጵያኖች መጡ ተባለ።"

እጃቸውን ከስልኬ ላይ አነሡ። እንደገና መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

"ሰው ሁሉ ፊታቸውን ያይ ነበር" አሉኝ። "እኔ እጃቸውን ነበር የማየው። መቼ ይሆን የሚዘረጉት እያልኩ።"